ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ፖሊስተር፦ ስለ ልብስ ክር ኬሚስትሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቅ ማቅለሚያ ላብራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜዬን የማሳልፈው ደሴ ፒያሳ፣ እህቴ ጨርቅ በምትሸጥበት ሱቅ ነው። ደንበኛው "ይኼ ይለቃል?"፣ "ይኼ ያጥራል?"፣ "ይኼ እውነተኛው ነው?" ባለ ቁጥር እህቴ በአገጯ ወደ እኔ ትጠቁማለች። መልሴ ሲረዝምባት ጊዜ "ለምን ጽፈህ አትገላገልም?" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

"ተፈጥሯዊ" እና "ሰው ሠራሽ" የሚባሉት ክሮች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሁለቱም ውስጣቸው ሰንሰለት ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ በሺህ የሚቆጠር ቀለበት ያለው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ይህ ፖሊመር ይባላል። ለልብስ የሚሆነው ደግሞ ሰንሰለቱ ረጅም ከመሆኑ በላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ሲተኛ ነው። ጥጡን ይህን ያስተማረው ተፈጥሮ ነው፤ ፖሊስተሩን ያስተማረው ፋብሪካ ነው።

በሥራዬ ግን "ተፈጥሯዊ ነው ወይ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ብዙም አይጠቅምም። የምጠይቀው "ሰንሰለቱ የምን ነው?" ብዬ ነው። ከስኳር የተቀጠለ ከሆነ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥ፣ ተልባ፣ ቃጫ፣ ጆንያ፣ ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስም ጭምር እዚህ ይገባሉ። ከአሚኖ አሲድ ከሆነ ፕሮቲን ነው፤ የበግ ጠጉርና ሐር። ከነዳጅ ዘይት ከወጣ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊስተር፣ ናይለን፣ አክሪሊክ። ጨርቁ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ካወቁ በረኪና ምን እንደሚያደርገው፣ ካውያ እንደሚችል፣ ቀለም እንደሚይዝ ሳይሞክሩት መናገር ይችላሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ጥጥ ከስኳር የተሠራ ነው ሲባል ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ጥሬ ጥጥ ከመቶ 90 ገደማው ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ግሉኮስ ከግሉኮስ እየተያያዘ የሚሠራ ሰንሰለት ነው። እንጀራችን ውስጥ ያለው ስታርችም ያው የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። የሚለያዩት በአያያዛቸው ነው። በስታርች ግሉኮሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ እንደ ዘንዶ ይጠቀለላል። በሴሉሎስ አንዱ ቀና፣ ቀጣዩ ግልብጥ እያለ ስለሚሄድ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ተጠጋግተው በሃይድሮጅን ትስስር ይቆላለፋሉ። ስለዚህ እንጀራው ይበላል፣ ነጠላው ይለበሳል።

የእኛ ሆድ የሴሉሎስን ማሰሪያ የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ፍየል ግን በሆዷ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይፈቱላታል። አጥር ላይ የተሰጣ ነጠላ ስታኝክ የተገኘች ፍየል በባለቤቷ ዘንድ ጥፋተኛ ናት፤ በኬሚስትሪ ረገድ ግን ምንም አልተሳሳተችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥጥ ሲረጥብ ከደረቀበት ጊዜ ይልቅ ይጠነክራል። ጋቢ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ሲወቀጥ ኖሮ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው አንዱ ምክንያቱ ይኼ ነው።

"ሱፍ" ብዬ የገዛሁት ሱፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ሱፍ ማለት የበግ ጠጉር ነበር (የጾሙን ሱፍ ለጊዜው እንተወው)። ዛሬ ገበያ ላይ "ሱፍ ልብስ" ማለት ኮትና ሱሪው ሙሉውን ማለት ሆኗል፤ በግ አይቶት የማያውቅ፣ ፖሊስተርና ቪስኮስ የተቀላቀለበትም "ሱፍ" ነው። ሻጩ ላይዋሽዎት ይችላል፤ ቃሉ ነው የሸሸው። ሐርም እንዲሁ ሆኗል። እኔ ራሴ፣ ዕድሜ ልኬን ክር ስመረምር የኖርኩት ሰውዬ፣ ለእህቴ ስጦታ "ንጹህ ሐር" የተባለ ሻሽ ገዝቼ ቤት ገብቼ ጫፉን ሳቃጥለው እንደ ፕላስቲክ ጠብ ጠብ አለ። አንጸባራቂነቱ አታለለኝ።

ፈተናው እሳት ነው። ከጨርቁ ውስጠኛ ስፌት ሁለት ሦስት ክር ይምዘዙ፤ በወረንጦ ይያዙ፤ ከሥር ውሃ ያለበት ሳህን ያድርጉ፤ ሕፃናትን ያርቁ። ጥጥ፣ ተልባና ቪስኮስ ቶሎ ይያያዛሉ፣ የሚነድ ወረቀት ይሸታሉ፣ አመዳቸው ግራጫና በጣት ሲነኩት ብን የሚል ነው። የበግ ጠጉርና ሐር ግን እሳቱ ሲርቅ ራሳቸው ይጠፋሉ፤ ሽታቸው ፀጉር ሲለበለብ የሚሸተው ነው፣ የሚቀረውም ጥቁር ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚደቅ ነው። ፀጉራችን፣ ጥፍራችንና የበግ ጠጉር ኬራቲን የሚባል አንድ ዓይነት ፕሮቲን ስለሆኑ ነው ሽታው የሚመሳሰለው። ፖሊስተርና ናይለን ከእሳቱ ይሸሻሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ በጥፍር የማይሰበር ጠንካራ ዶቃ ይተዋሉ። አክሪሊክ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጥቁር ጭስ እያወጣ በኃይል ይነዳል፣ እየቀለጠም ይንጠባጠባል።

ቅልቅል ጨርቅ ያምታታል። 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነ ሸሚዝ ወረቀትም ይሸታል፣ ዶቃም ይተዋል። ሁለቱንም ካዩ ቅልቅል ነው ማለት ነው።

ስለ እሳት ካነሳን አይቀር፦ ቡና ሲፈላ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሰፊ የናይለን ቀሚስ ለብሶ መቀመጥን አልወድም። ጥጥም ይነዳል፤ የቀለጠ ናይለን ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

እናቴ ስታርፍ ቀሚሴን ጥቁር አስነከርኩ። ጨርቁ ጠቆረ፣ ስፌቱ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። አቅላሚው አጭበርብሮኝ ነው?

ነፍስ ይማር። አላጭበረበረዎትም። ቀሚሱ ጥጥ ነው፣ የተሰፋበት ክር ፖሊስተር ነው። ልብስ ሰፊዎች ፖሊስተር ክር የሚመርጡት በስፌት መኪና ፍጥነት ቶሎ ስለማይበጠስ ነው። ሁለቱ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው አንዱ ቀለሙን ጠጣ፣ አንዱ አፉን ዘጋ።

ይኼ ጥያቄ ባንኮኒው ላይ ከሁሉም በላይ ስለሚመላለስ በደንብ ልዘርዝረው። የጥጥ ሰንሰለት ዳርና ዳሩ በሃይድሮክሲል ቡድኖች የተሞላ ነው፤ እነዚህ ውሃ ይወዳሉ። ስለዚህ በውሃ የሟሟ ቀለም ከውሃው ጋር ክሩ ውስጥ ይገባል። ግን ችግር አለ፤ ጥጥ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ቀለሙም ኔጋቲቭ ነው፣ ይገፋፋሉ። አቅላሚው ጨው የሚጨምረው ለዚህ ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም መሃል ገብቶ ያስታርቃቸዋል፣ ቀለሙም ወደ ክሩ ይጠጋል። ብዙ ሰው ጨው ቀለሙን "ያጸናል" ይላል፤ አያጸናም፣ ያስገባል እንጂ።

የሚያጸናው ሌላ ነው። ሪአክቲቭ የሚባሉት ቀለሞች እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ ላይ የወጡ ሲሆን ሶዳ ሲጨመርባቸው ከሴሉሎሱ ጋር ትክክለኛ ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራሉ፤ ቀለሙ የሰንሰለቱ አካል ይሆናል። ዳይሬክት የሚባሉት ቀላሎቹ ቀለሞች ግን ክሩ ውስጥ ተጠግተው ይቀመጣሉ እንጂ አይታሰሩም። በእያንዳንዱ እጥበት ጥቂት ጥቂት እያሉ ይወጣሉ።

ወደ ፖሊስተር እንምጣ። ሰንሰለቱ ውሃ አይወድም፣ እጅግም ተጠጋግቶ የተደረደረ ነው። ዲስፐርስ የሚባል፣ በውሃ በደንብ የማይሟሟ የራሱ ቀለም አለው፤ ቀለሙ እንዲገባ ሰንሰለቶቹ በሙቀት ተላቅቀው ክፍተት መስጠት አለባቸው። ፋብሪካ ይህን የሚያደርገው ግፊት ባለው ዝግ ማሽን ውስጥ በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ቢወርዱም ሁለት ዲግሪ ያህል ቢጨምሩ ነው። እንግዲህ ድስቱን ከጠዋት እስከ ማታ ቢጥዱት የሚያልቀው ከሰሉ ነው እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። "ፕሬዠር ኩከርስ?" ያለኝ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ነው፣ ግን በዚህ ከፍታ 120 እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ማታ ሽሮ ሊሠራበት ነው።

ስለዚህ ከማስነከርዎ በፊት የእሳቱን ፈተና ያድርጉ። ጥጥ ከሆነ አብሽሩ፤ ፖሊስተር ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። ቅልቅል ከሆነ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ይወጣልዎታል። ለነገሩ ሱፍና ሐርም አሲድ ቀለም የሚባል ሌላ ዓይነት ይፈልጋሉ፤ ጥቂት አቼቶ ጠብ ተደርጎበት ይሠራል።

የነጠላዬ ጥለት ነጩን አበላሸው። ምን ላድርግ?

ሳይደርቅ ይድረሱለት። የለቀቀው ቀለም ገና ክሩ ላይ ተደግፎ ነው ያለው፤ ከደረቀ፣ በተለይ ከተተኮሰ፣ ይቀመጣል። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ ጥለቱ በነጩ ላይ ታጥፎ እንዲደርቅ አይተዉት፤ ዘርግተው ያስጡት። ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ። ጨውና አቼቶ እንዳይለቅ ያደርጋሉ የሚባለው ጥጥ ላይ አይሠራም።

አዲስ ነጠላ ከገዙ ከመልበስዎ በፊት ጥለቱን ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግ ያድርጉት። ጨርቁ ከቀላ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዝፉ ያጥቡት። አያቶቻችን እንዶድ የተጠቀሙት ያለ ነገር አይደለም። በውስጡ ያለው ሳፖኒን አረፋ ይሠራል፣ እድፍ ያነሳል፣ እንደ አመድ ውሃ ግን አያቃጥልም። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋሉት አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። የልብስ ማጠቢያ ወሬ ሳይነሣ የማልፈው አይሆንልኝም።)

በረኪና ነጠላዬን አነጣው፣ የሱፍ ሹራቤን ግን በላው። ለምን?

ነጠላው ስኳር፣ ሹራቡ ፕሮቲን ስለሆነ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። እድፉን እየሰባበረ ቀለም አልባ ያደርገዋል፤ ሴሉሎሱን ግን ቶሎ አይነካውም። የበግ ጠጉርን አንድ ላይ የያዘው በሰልፈርና በሰልፈር መካከል ያለው ድልድይ ነው። በረኪና ያን ድልድይ ይሰብራል፣ የፕሮቲኑንም ሰንሰለት ይቆራርጣል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይልከሰከሳል፣ ብርቱ በረኪና ውስጥ ቢቆይ ጨርሶ ይሟሟል። ሐርም ዕጣው ያው ነው። የአመድ ውሃና ኮስቲክ ሶዳም ሱፍ ይበላሉ።

ነጠላውም ቢሆን ሌሊቱን በበረኪና ተዘፍዝፎ ካደረ ሰንሰለቱ ያጥራል፤ በሚቀጥለው እጥበት በትንሽ ጉተታ ይቀደዳል። በረኪናን ደግሞ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

የመኪና ባትሪ አሲድ ጅንሴ ላይ ተረጨ። ምንም አልሆነም ብዬ ነበር፣ ሲታጠብ ወንፊት ሆነ።

የኮምቦልቻ ጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥጥ በአልካሊ (እንደ አመድ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ባለው) ይጸናል፣ በአሲድ ይሞታል፤ የሱፍ ተቃራኒ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ አይተንም፤ ውሃው ሲተን አሲዱ ጨርቁ ላይ እየበረታ ይሄዳል፣ የግሉኮሶቹንም ማያያዣ አንድ በአንድ ይፈታል። ጨርቁ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ውስጡ ግን አልቋል። እንደተረጨ ወዲያው በብዙ ውሃ፣ ከዚያ በሶዳ ውሃ ቢታጠብ ይተርፍ ነበር።

ደሴ የተመቸኝ ሸሚዝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ለምን ይጣበቅብኛል?

ፖሊስተር ስለሆነ ነው። በመደበኛ የላብራቶሪ አየር 100 ግራም ደረቅ ጥጥ 8.5 ግራም ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ሱፍ 16 ገደማ፤ ፖሊስተር ግን 0.4 ብቻ። ደሴ ብርድ ላይ አላላበዎትም፣ ስለዚህ አልታወቀዎትም። ቆላው ሲጀምርዎት ላቡ የሚጠጣው አጣ፣ ቆዳና ሸሚዝ መሃል ቀረ። ሽርጥ ከጥጥ ሲሆን የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም።

"ታዲያ ስፖርተኛ ለምን ፖሊስተር ይለብሳል?" ይሉኛል። ክሩ ራሱ ስለማይጠጣ፣ ላቡ በክሮቹ መሃል እየተሳበ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ ከተሸመነ ቶሎ ይደርቃል። ጥጥ ጠጥቶ ከብዶ ይቀራል። አሸማመኑ ነው ወሳኙ፤ ርካሹ ሸሚዝ እንደዚያ አልተሸመነም።

ሌሊት ብርድ ልብሴ ይንጣጣል፣ ጨለማ ውስጥም ብልጭ ይላል። አስጊ ነው?

አይደለም። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ሲፋተግ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ነው። በክሩ ውስጥ እርጥበት ስለሌለ መሄጃ ያጣል፣ ጣትዎን ሲያገኝ ይዘላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚብሰው አየሩ ስለሚደርቅ ነው። ሥሩ የጥጥ አንሶላ ማድረግ ይቀንሰዋል።

ቪስኮስ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?

ሁለቱንም ነው፤ ይህ ጥያቄ ነው "ተፈጥሯዊ ነው ወይ?" የሚለውን ያስተወኝ። የዛፍ እንጨት ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ወፍራም ፈሳሽ ይደረግና በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተገፋ አሲድ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ሴሉሎስ ይሆናል። ዘዴው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1892 የተመዘገበ ነው። ስለዚህ እንደ ጥጥ ይነዳል፣ እንደ ጥጥ ይቀለማል፣ እንደ ሐር ይንሸራተታል። ሰንሰለቱ ግን ከጥጥ በጣም አጭር ነው፤ ሲረጥብ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። ቪስኮስ ቀሚስ አይጠመዘዝም፣ አይወቀጥም።

ናይለንን ማን ፈጠረው?

ዋላስ ካሮተርስ፣ አሜሪካ፣ ዱፖንት ኩባንያ፣ የካቲት 1935 እ.ኤ.አ.። ሐርን መምሰል ነበር ሐሳቡ፤ ሐር ውስጥ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው አሚድ የተባለው ማያያዣ ናይለንም ውስጥ አለ። የናይለን የእግር ሹራብ በመላ አሜሪካ መሸጥ የጀመረው በግንቦት 1940 ነው። ካሮተርስ ግን በ1937 ሞቷል፤ አላየውም። ፖሊስተርን የክር አድርገው ያወጡት ደግሞ እንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን በ1941 ናቸው።

ሃይላንድ ጠርሙስ ልብስ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። "ሃይላንድ" የምንለው የውሃ ጠርሙስና "ቴትሮን" የምንለው ጨርቅ አንድ ፖሊመር ናቸው፤ ስሙ ፔት ነው። ጠርሙሱ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ በ260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ብረት ተገፍቶ ክር ይሆናል።

ጤፍና ስንዴ የሚሞላበት "ማዳበሪያ" ግን ሌላ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል፤ 165 ዲግሪ ሳይሞላው ይቀልጣል። ጠላቱ ፀሐይ ናት፤ ጣራ ላይ ከርሞ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈረው ብርሃኑ ሰንሰለቱን ስለሚቆራርጠው ነው። ጆንያ በአንጻሩ የሚበላው እርጥበትና ሻጋታ ነው።

ተልባ ልብስ ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። የእኛው ተልባ?

ያው ተልባ ነው። ፍሬው ሳይሆን ግንዱ ነው ሊኖ የሚባለው ጨርቅ የሚሆነው፤ ግንዱ ውሃ ውስጥ ወይም ጤዛ ላይ ተኝቶ ማጣበቂያው ፔክቲን ሲበሰብስ ክሩ ይላቀቃል። ለክር የሚዘራው ዓይነት ግን ረጅምና ቅርንጫፍ የማያበዛ ነው፤ እኛ ለፍሬ የምንዘራው አጭርና ቅርንጫፋም ነው። በደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ተልባ ነገ ሸሚዝ ለመሥራት ያሰበ ሰው ካለ በዘሩ ይጀምር።

ሹራቤ ታጥቦ የልጄ ልክ ሆነ። ይመለሳል?

አይመለስም። የበግ ጠጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለ። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ ጠጉሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳባሉ፣ ቅርፊቱ ወደ ኋላ አያስመልሳቸውም፣ ይቆላለፋሉ። በለብ ያለ ውሃ፣ ሳያሹ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነበር። ልጅዎ ይልበሰው፤ ይሞቀዋል።

ብል ሱፉን በልቶ ጋቢውን ለምን ተወው?

የብል እጭ ኬራቲን መፍጨት ይችላል፣ ሴሉሎስ አይችልም። የወጥ ጠብታ ያለበትን ጋቢ ግን ለጠብታው ሲል ሊቦረቡር ይችላል፤ አጥበው ያስቀምጡ።

ካውያውን ስንት ላይ ላድርገው?

ልብሱ ውስጥ ያለችውን ምልክት ይመልከቱ፦ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200። ጥጥና ሊኖ ሦስቱን ይችላሉ፤ ሱፍና ፖሊስተር ሁለት፣ አክሪሊክና ናይለን አንድ። ምልክቷ ከተቀደደች ከዝቅተኛው ይጀምሩ። የከሰል ካውያ ነጥብ የለውምና ከሥሩ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ውሃው እስኪደርቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ብዙም አያልፍም።